ታጣቂው ከወጣ በኋላ ማን ይቅደም፦ ግንበኛው ወይስ ዳኛው?

የማለዳ ወፍ (ጥያቄውን ያነሳው)

ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን የከነከነኝ ነገር ስላለ ሐሳባችሁን ልስማ ብዬ ነው።

አንድ አካባቢ ለዓመታት በሽምቅ ውጊያ ሲታመስ ይቆያል። ከዚያ ታጣቂዎቹ ይሸነፋሉ ወይም ስምምነት ይፈርማሉ። መንግሥት ተመልሶ ይገባል። ትምህርት ቤት ይታደሳል፣ ጤና ጣቢያ ይከፈታል፣ ሪባን ይቆረጣል። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ያው ታጣቂ በሌላ ስም ብቅ ይላል። ሕንጻው ቆሞ ሳለ ሰላሙ ለምን ይፈርሳል?

የእኔ ግምት እንዲህ ነው። ሰው መንግሥት መኖሩን የሚያውቀው በሕንጻ አይደለም። ሲበደል የሚሰማው ሲያገኝ ነው። ታሊባን ዳግም ሥልጣን ሳይዝ የነበረችውን አፍጋኒስታንን ተመልከቱ። ገበሬው የመሬት ክርክሩን ይዞ መንግሥት ፍርድ ቤት ሲሄድ በቀጠሮ ይመላለስ ነበር። ጉቦም ይጠየቅ ነበር። የታሊባን ዳኛ ግን በሞተር ሳይክል ቀዬው ድረስ መጥቶ በጥቂት ቀናት ይፈርድ ነበር። ፍርዱ ጨካኝ ነው። ሴቶችን እንዴት እንደሚያይ የታወቀ ነው። ግን ጉዳዩ ያልቃል፣ የተወሰነውም ይፈጸማል። ታሊባንን የማይወድ ሰው እንኳ ዳኛውን ፍለጋ ይሄድ ነበር።

ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የአፍጋኒስታንን መልሶ ግንባታ እንዲቆጣጠር ያቋቋመው ልዩ መሥሪያ ቤት በ2018 አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከ2002 ጀምሮ ለማረጋጋት ሥራ ብቻ (ከታጣቂ እጅ የወጣን አካባቢ መልሶ ለማቆም ማለት ነው) 4.7 ቢሊዮን ዶላር ወጥቷል ይላል። የመጣው ለውጥ ግን ወታደሩና ሠራተኛው ከቦታው ሲነሳ አብሮ ይነሳ ነበር። ብሩን ቶሎ እንጨርስ ሲባል ሙስናው ባሰ። ማን ከማን ጋር ቂም እንዳለው ሳያጠኑ ለአንዱ ወገን ኮንትራት ሲሰጡ፣ ሌላው ወገን ያኮርፋል፣ አልፎም ይሸፍታል።

ስለዚህ እኔ "ዳኛ ይቅደም" ባይ ነኝ። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

ግንበኛው

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን ዳኛህ የት ይቀመጣል? ከየትስ ውሃ ይጠጣል?

ሲቪል መሐንዲስ ነኝና ለሙያዬ ባደላ አትፍረዱብኝ። የኢራቋን ሞሱልን ውሰድ። በሐምሌ 2017 ከተማዋ ከአይሲስ እጅ ወጣች ሲባል ምዕራባዊው ክፍል የፍርስራሽ ክምር ነበር። ወደ 8 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። ከፍርስራሹ ሥር ያልፈነዳ ቦምብ አለ፣ ያልተቀበረ አስከሬን አለ። ታጣቂዎቹ ሲሸሹ በር ላይ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ አሻንጉሊት ውስጥ ሳይቀር ፈንጂ አጥምደው ነው የሄዱት። አንዲት እናት ከዓመታት በኋላ ቤቷ ገብታ ቁም ሳጥን ስትከፍት ልትሞት ትችላለች። ለእሷ የመጀመሪያው ዳኛ ፈንጂ አምካኙ ነው።

ሥራው ደግሞ ረጅም ነው። ሞዛምቢክ ጦርነቷን በስምምነት የቋጨችው በ1992 ነው። ከፈንጂ ነጻ ሆንኩ ያለችው በ2015 ነው። 23 ዓመት!

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2015 ኢራቅ ውስጥ የማረጋጊያ ፈንድ ሲያቋቁም የያዘው መንገድ እኔን ያሳምነኛል። ትልቁን ነገር ወደ ጎን ትቶ የውሃ ማጣሪያ፣ የመብራት መስመር፣ ጤና ጣቢያ፣ ድልድይ ላይ አተኮረ። ፍርስራሹን እንዲያነሱ የተቀጠሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ በቀን ሒሳብ። ሰው ኪሱ ውስጥ ትንሽ ሳንቲም ሲገባ ሱቅ ይከፈታል። ሱቅ ሲከፈት ጎረቤት ይመለሳል።

መዘግየት ራሱ ያስቀይማል። በፊሊፒንስ የማራዊ ከተማ ውጊያ በ2017 አምስት ወር ፈጀ። መሀል ከተማው ወደመ። ብዙ ቤተሰብ ዓመታት አልፈውም በጊዜያዊ መጠለያ ነበር። የተጎጂዎች ካሳ ሕግ የወጣው በ2022 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የፈረሰ ቤቱን ከሩቅ እያየ የሚኖር ወጣት ምን እንደሚያስብ ገምቱት።

ወሰን ጠባቂ

ሁለታችሁም ያልነካችሁት አለ። ቤቱ የሚሠራበት መሬት የማን ነው?

ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ሲመለሱ ለጥቂት ዓመታት አብሬ ሠርቻለሁ። የጆሴፍ ኮኒ ጦር፣ የኤልአርኤ ማለቴ ነው፣ እዚያ ምድር ላይ ሃያ ዓመት ገደማ ነው የቆየው። በ2005 ካምፕ ውስጥ የነበረው ሕዝብ 1.8 ሚሊዮን ያህል ደርሶ ነበር። በ2006 የመንግሥትና የኤልአርኤ ድርድር ጁባ ላይ ሲጀመርና ተኩስ ሲቆም ሰው ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ።

አስቡት እንግዲህ። በዚያው በሰሜን ኡጋንዳ፣ በአቾሊ ሕዝብ አገር፣ አብዛኛው መሬት በወረቀት የተመዘገበ አይደለም። ወሰኑ ዛፍ ነው፣ ጅረት ነው፣ የአያት መቃብር ነው። ሰው አሥር ዓመት ካምፕ ሲቀመጥ ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ ተቆርጧል። ማሳው ጫካ ሆኗል። ወሰኑን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እዚያው ካምፕ ሞተዋል። ካምፕ የተወለደው ልጅ የአባቱን መሬት አይቶት አያውቅም። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ተመልሶ "ይህ የእኔ ነው" ሲል ምን እንደሚፈጠር መናገር አያስፈልግም። ጥይቱ ቆሞ ገጀራው ተነሳ።

ከሁሉ የከፋው የሴቶቹ ነው። ባሏ የሞተባትን የባል ወንድሞች "ሂጂ ወደ አባትሽ" ይሏታል። ልጅ እያለች ተጠልፋ ጫካ የወለደች ደግሞ አለች። አባቷ ቤት ስትመለስ "እነዚህ ልጆች የማን ዘር ናቸው?" ትባላለች። መሬት የሚወረሰው በአባት በኩል ስለሆነ ልጆቹ የሚቆሙበት መሬት የላቸውም። ልጆቹ አድገው ጎረምሳ ሲሆኑ ማን እንደሚመለምላቸው አስባችሁታል?

አንድ የማልረሳው የወሰን ጉዳይ አለ። አሁን ረዥም ይሆንብኛል፣ ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ስሜ ይቅር

የምታወሩትን ሁሉ አነበብኩ። ልክ ናችሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ።

ወንድሜን ታጣቂዎች ገድለውብናል። የት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ከዓመታት በኋላ ከነሱ አንዱ እጁን ሰጠ ተባለ። ሥልጠና ተሰጠው፣ የልብስ ስፌት መኪና ተሰጠው፣ መቋቋሚያ ገንዘብ ተሰጠው። እናቴን ግን አንድም ባለሥልጣን መጥቶ "እግዜር ያጥናሽ" ያላት የለም። ገበያ መሀል ያየችው ቀን ቤት ገብታ ሦስት ቀን አልወጣችም። እህል አልቀመሰችም።

ይሄ ነው ማረጋጋት የሚባለው?

የማለዳ ወፍ

እህቴ፣ ነፍሱን ይማር። መልስ የለኝም። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

አንድ ከሸምጋዮቹ

እህቴ፣ መጀመሪያ ለእናትሽ መጽናናቱን ይስጣት። የጠየቅሽው የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት ነው። ብዙዎች ይሸሹታል። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ቁጣሽን ላበርደው ብዬ አይደለም።

ሴራሊዮን 11 ዓመት ከተዋጋች በኋላ በ2002 ጦርነቱ አበቃ። ከ72,000 በላይ ተዋጊዎች ትጥቅ ፈቱ። ከነሱ ውስጥ ከ6,000 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ለተዋጊዎቹ ሥልጠናና ገንዘብ ተሰጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠመንጃ ተኩሶ የኖረ፣ ሌላ ሙያ የሌለው፣ የተራበ ሰው ነገ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ቶሎ ለእሱ ይሰጣል። ተጎጂው ግን አያስፈራም። ስለማያስፈራ ይረሳል። የተጎጂዎች ካሳ የተጀመረው በ2008 ነው። ለአብዛኞቹ በመጀመሪያው ዙር የደረሳቸውም 100 ዶላር ገደማ ነበር። እጅና እግሩ ለተቆረጠ ሰው! የእናትሽ ቁጣ ፍትሐዊ ነው የምለው ለዚህ ነው። ለታጣቂው መስጠቱ ላይ ሳይሆን፣ እሱን አስቀድሞ እሷን መርሳቱ ላይ ነው ጥፋቱ።

ዕርቅ ራሱም ዋጋ ያስከፍላል። እዚያው ሴራሊዮን ፋምቡል ቶክ የሚባል ድርጅት አለ። በክሪዮ ቋንቋ "የቤተሰብ ወግ" እንደማለት ነው። መንደርተኛው ማታ እሳት አንድዶ ይሰበሰባል። የተበደለው ይናገራል፣ የበደለው ወጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። በ2016 "ሳይንስ" መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በ200 መንደሮች ይህን መረመረ። ይቅር መባባሉ ጨመረ። ሰው ለጋራ ሥራ መዋጣት ጀመረ፣ ወዳጅነቱ ሰፋ። ነገር ግን ድብርቱ፣ ጭንቀቱና የጦርነቱ ሕመምም ባሰ። ሁለቱም ከሁለት ዓመት በላይ ቆዩ። መንደሩ ተጠቀመ፣ ግለሰቡ ግን ቁስሉ ተከፍቶ ቀረ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ "ይቅር በሉ" ብሎ ሰብስቦ በማግሥቱ የሚሄድን ሰው አላምንም። የሚያወጋት፣ ተመላልሶ የሚጠይቃት፣ እንቅልፍ ስታጣ የሚያክማት ሰው ከሌለ እናትሽን ማንም አደባባይ ሊያወጣት አይገባም።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ከላይቤሪያ አለ። ሞንሮቪያ ውስጥ በወንጀልና በጠብ የሚታወቁ 999 ወንዶች በአንድ ጥናት ገቡ፣ የቀድሞ ተዋጊዎችም ነበሩባቸው። ለአንዳንዶቹ ለስምንት ሳምንት በቡድን የሥነ ልቦና ምክር ተሰጠ፦ ንዴትን መቆጣጠር፣ ነገን ማሰብ። ለአንዳንዶቹ 200 ዶላር ተሰጠ። ለአንዳንዶቹ ሁለቱም። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱንም ያገኙት ወንጀላቸው በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የስፌት መኪና ብቻውን ሰው አይለውጥም።

ስሜ ይቅር

አመሰግናለሁ። "ስለማያስፈራ ይረሳል" ያልከውን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ይህን ያለው ሰው ይባረክ" አለች።

መዝገብ ቤት

እኔ ስለ ወረቀት ልናገር። ተራ ነገር ይመስላል። አይደለም።

አይሲስ በያዛቸው የኢራቅ ከተሞች ሰው አግብቷል፣ ወልዷል። የጋብቻና የልደት ወረቀቱን የሰጠው አይሲስ ነው። መንግሥት ሲመለስ ያንን ወረቀት አላውቀውም አለ። እንግዲህ ልጁ በሕግ ፊት አልተወለደም ማለት ነው። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ይቸገራል፣ ሐኪም ቤት ይቸገራል፣ ኬላ ላይ ይቸገራል። አዲስ ወረቀት ለማውጣት ደግሞ የደኅንነት ማጣሪያ ማለፍ ያስፈልግ ነበር። የአባት ወይም የአጎት ስም የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ላይ ካለ ፋይሉ እዚያው ይቆም ነበር። አንዳንዷ ሴት ማጣሪያውን ለማለፍ ባሏን በአደባባይ እንድትክድና እንድትከሰው ተጠይቃለች። ሕፃን በአባቱ ሥራ ይቀጣል። በዚህ መንገድ ቂመኛ ትውልድ እናሳድጋለን።

ወረቀት ሲገኝስ? የሰሜን ኢራቋን ሲንጃርን እዩ። ነሐሴ 2014 አይሲስ ያዚዲ የሚባሉትን አናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰብ የጨፈጨፈበት አካባቢ ነው። ያዚዲዎቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በግዳጅ ከመንደራቸው ተነሥተው በሠፈሩበት ቦታ ለመሬታቸው የባለቤትነት ሰነድ አልነበራቸውም። በ2022 መጨረሻ የኢራቅ መንግሥት ሰነዱ እንዲሰጣቸው ወሰነ። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም አስቀድሞ ቤት ለቤት እየዞረ ይዞታቸውን ሲመዘግብ ቆይቶ ነበር። ጡብ ሳይነሳ፣ ወረቀት ብቻ። ግንበኛው ይቅር በለኝና፣ ሰው የራሱ መሆኑን ባላረጋገጠው መሬት ላይ ቤት አይሠራም።

ግንበኛው

ይቅር ብያለሁ 🙂 በዚህ ነጥብ አሸንፈኸኛል።

አንድ ልጨምር። ናይጄሪያ ቦርኖ ውስጥ ንጋራናም የምትባል መንደር አለች። ቦኮ ሐራም አውድሟት በ2022 እንደ አዲስ ተሠርታ ተመረቀች። የወደድኩት ነገር አርክቴክቷ መጀመሪያ ነዋሪዎቹን መጠየቋ ነው። እንዴት ነበር የምትኖሩት? ግቢያችሁ ምን ይመስል ነበር? በረድፍ የተደረደረ ካምፕ የሚመስል ቤት አልሠሩም።

ሐይቅ ዳር

ስለ ቦርኖ ከተነሳ ዝም አልልም። አንድ መንደር ምሳሌ ሆና ትቅረብ፣ ደስ ይለኛል። ግን እዚያው ክልል ከ2021 ጀምሮ በዋና ከተማው ማይዱጉሪ ያሉ የተፈናቃይ ካምፖች እየተዘጉ ሰው ወደ ወረዳ ከተሞች እንዲመለስ ተደርጓል። ብዙዎቹ ከተሞች በወታደር የተከበቡ ናቸው። ከምሽጉ ውጭ ትንሽ ራቅ ካልክ የታጣቂው ክልል ነው። ገበሬው ቤት አለው፣ እርሻ የለውም።

ኅዳር 2020 ዛባርማሪ አካባቢ የሆነውን አስታውሱ። ሩዝ ሊያጭዱ የወጡ በርካታ አስር ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ታረዱ። ሰዎቹ አደጋውን አላጡትም። የሚበሉት ስላልነበራቸው ነው የወጡት።

ስለዚህ ለእኔ መመለስ ማለት ጣሪያ ማግኘት አይደለም። ጠዋት ማሳ ሄዶ ማታ በሰላም መግባት ነው። ባለሥልጣን "ይህን ያህል ሺህ ተመለሰ" ሲል ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ ማረስ ይችላል?

ደቡብ ነፋስ

ኮሎምቢያን ሳናነሳ ይህ ውይይት አይሞላም። በ2016 መንግሥትና ፋርክ የሚባለው አማፂ ቡድን የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። ወደ 13,000 የሚጠጉ አባላት ወደ ሰላማዊ ኑሮ ገቡ። በ2017 ወደ 9,000 የሚጠጋ ጦር መሣሪያ ለተባበሩት መንግሥታት አስረከቡ። ጦርነቱ የበረታባቸው 170 ማዘጋጃ ቤቶች ተለይተው ልዩ የልማት ዕቅድ ወጣላቸው። በወረቀት ላይ ካየኋቸው ስምምነቶች ሁሉ የተሟላው ነው።

ችግሩ ጊዜው ነበር። ፋርክ ጫካውን ሲለቅ መንግሥት በማግሥቱ አልገባም። ሌሎች ታጣቂዎች ግን ገቡ፦ ኢኤልኤን የሚባለው ሌላ አማፂ ቡድን፣ የጋልፍ ቡድን የሚባለው የወንጀል ቡድን፣ ስምምነቱን ያልተቀበሉ የፋርክ ተገንጣዮች። መሣሪያ ካስረከቡት ውስጥ ከ400 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። መሣሪያህን ስጥ ያልነው ሰው ነው የተገደለው! ሌላው ታጣቂ ይህን እያየ ለምን ይፈርማል?

ኮኬይን የሚሠራበት ተክል፣ የኮካው ነገርም እንዲሁ ነው። 99,000 ያህል ቤተሰቦች ኮካቸውን ሊነቅሉ ተስማሙ፣ አብዛኞቹም ነቀሉ። ተለዋጭ ሥራ የተባለው ፕሮጀክት ግን ለብዙዎቹ ዘገየ፣ ለአንዳንዶቹም ጭራሽ አልመጣም። መንገድ በሌለበት ሰብል ለማን ይሸጣል? አንዳንዶቹ ተመልሰው ኮካ ተከሉ። አልፈርድባቸውም።

የማለዳ ወፍ "ዳኛ ይቅደም" ላልከው ግን ኮሎምቢያ ድጋፍ አላት። በ2011 የወጣው የተጎጂዎችና የመሬት ማስመለሻ ሕግ የማስረዳቱን ሸክም ገለበጠው። ተፈናቃዩ በአካባቢው ግጭት እንደነበረና እሱም መሬቱን ይዞ እንደነበር ካሳየ ይበቃዋል። በትክክል የገዛሁት ነው ብሎ ማስረዳት ያለበት አሁን የያዘው ሰው ነው። ሰነዱ ለተቃጠለበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አፈጻጸሙ ቀርፋፋ ነው፣ መሬት አስመልሱልን ያሉ ሰዎችም ተገድለዋል። ሐሳቡ ግን የትም አገር ሊቀዳ ይገባል ባይ ነኝ።

የማለዳ ወፍ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጠየቅኩት በላይ ነው የሰጣችሁኝ።

"ዳኛ" ስል ካባ የለበሰ ሰው ነበር በሐሳቤ። አሁን ሳየው ፈንጂ አምካኙም፣ መዝጋቢውም፣ የስሜ ይቅርን እናት ቤቷ ሄዶ የሚያጽናናውም ያንኑ ሥራ እየሠሩ ነው። የሐይቅ ዳርን የኪሎ ሜትር ጥያቄ ደግሞ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ወሰን ጠባቂ፣ ያንን ጉዳይ እጽፈዋለሁ ብለህ ነበር። አሁን ጊዜው ነው።

ወሰን ጠባቂ

እሺ።

ሁለት ቤተሰቦች ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት ጎረቤት ናቸው። በመካከላቸው አንድ ትልቅ የሼአ ዛፍ ነበረ፣ ወሰኑ እሱ ነው። ከካምፕ ሲመለሱ ዛፉ የለም። አንዱ "እዚህ ጋ ነበር" ይላል፣ ሌላው አርባ እርምጃ ወዲያ ይጠቁማል። የአንደኛው ልጅ ተጠልፎ ከታጣቂዎቹ ጋር ቆይቶ በምሕረት የተመለሰ ነው። ስለዚህ ጠቡ የመሬት ብቻ አልነበረም። "ነፍሰ ገዳይ ልጅህን ይዘህ ልትነጥቀኝ መጣህ" ተባባሉ።

ሽማግሌዎች አራት ጊዜ ሰበሰቧቸው። አራቱንም ጊዜ ተጣልተው ተለያዩ። በአምስተኛው አንዲት ባልቴት መጡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዚያ ዛፍ ፍሬ እየለቀሙ ዘይት ያወጡ ነበር። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፣ ሴት ስለሆኑ። በምርኩዛቸው እየቆረቆሩ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። "ቆፍሩ" አሉ።

ክንድ ያህል ሲቆፈር የዛፉ ጉቶ ተገኘ። ሥሩ ገና ነበር። ከሁለቱም ሰዎች ግምት መሀል ላይ ነው የተገኘው።

በዚያው ቀን አዲስ ችግኝ ተተከለ። ጉድጓዱን የቆፈረው ከጫካ የተመለሰው ልጅ ነው። ውሃ ያመጣችው የጎረቤቱ ልጅ ናት። ከዚያ ባልቴቷ የሁለቱንም ቤት ልጆች ጠርተው ከችግኙ እስከ ጅረቱ ድረስ ወሰኑን በእግራቸው እንዲሄዱበት አደረጉ። አንዴ ሄዱ። ተመለሱ። "ድገሙት" አሏቸው።